የእማሆይ ካሳነሽ ድመትና የመገበሪያው ስንዴ

ምሥራች! ክፉ በሽታ አይደለም! ስብ ነው፣ ተራ የእርጅና ስብ! ወረታ ከተማ ያለው የእንስሳት ሐኪም ቆርጦ አይቶ ነገረኝ።

የማን ነው ብትሉ፣ የእማሆይ ካሳነሽ ድመት እብጠት ነው።

እማሆይ እዚህ ቁሐር ሚካኤል ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ሞተው ቆብ ከደፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው የመገበሪያ ስንዴ የሚቀመጠው በእሳቸው ጎታ ነው። ልጅ የላቸው፣ መሬት የላቸው፤ ሰው አጎንብሶ ጉልበታቸውን የሚስመው በዚህ ስንዴ ነው። ሜዳው ሩዝ በሩዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ አይጡ እንደ ጉንዳን ነው፤ ጎታውን ዐሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው ይቺው ውሮ ናት።

አምና አንገቷ ሥር ሽምብራ የምታህል ነገር ወጣችባት። ዘንድሮ እንቁላል አከለች።

ማዶ ያሉት እማሆይ አምሳል የስንዴውን ጠባቂነት ሲመኙ የኖሩ ናቸው። በደጅ ባለፉ ቁጥር፣ "አንቺ፣ ቆማጣዋ ድመትሽ እንዴት አደረች? መገበሪያው ላይ መግል ታንጠባጥብልሻለች?" ይላሉ። አንድ ቀን የፈላ ውሃ ደፉባት። ጀርባዋ ተላጠ።

"አጠብኩልሽ እኮ!" ብለው ሳቁ።

ወሬው ቄሰ ገበዙ አባ አያልነህ ጆሮ ደረሰ። መጥተው እማሆይን በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው። "ወለተ ሚካኤል፣ እስከ እሑድ ወይ እብጠቱ ይጥፋ፣ ወይ ስንዴው ይውጣ።"

እኛ ዘንድ ኪንታሮት በፈረስ ጭራ ይታሰራል፤ ደም አጥቶ ደርቆ ይወድቃል። እማሆይም እብጠቱን እንደ ኪንታሮት ቆጥረው በጭራ ጠምጥመው አጠበቁት። ድመቲቱ አራት ቀን ጮኸች። በአምስተኛው ጠቁሮ ፈነዳ፣ ቤቱ ገማ። ከድንጋይ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ከተው ወደ ሞላው ወንዝ ሲወስዷት ደረስኩ።

"ምን ነካዎት እማሆይ?"

"ዐሥራ አራት ዓመት አበላኋት፤ ውርደት አበላችኝ!" ብለው ማዳበሪያውን እግሬ ሥር ወረወሩት።

በባጃጅ ወረታ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ "ስቡ ምንም አይላትም ነበር፣ አይጋባም። ያገማት ያሰራችሁባት ጭራ ነው" አለኝ።

"ምሥራች እማሆይ! ንጹሕ ናት!" ብዬ ስገባ ጎታው ባዶ ነው። ግማቱ መንደሩን ሲያዳርስ አባ አያልነህ እሑድን አልጠበቁም፤ ስንዴውን በአህያ አስጭነውታል። አህያዋን የነዱት እማሆይ አምሳል ናቸው አሉ፣ እልል እያሉ።

እማሆይ ካሳነሽ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ድመቲቱን ቀና ብለው አላዩም።

"ምሥራችህን ለጎታው ንገረው" አሉኝ።

ግን እኮ ስብ ነው! ሐኪሙ በማኅተም ጽፎ ሰጥቶኛል! ስንዴው ገና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ የማታው የሠርክ ጸሎት ሳይደረስበት ወደ እማሆይ አምሳል ጎታ አይገለበጥም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ መንገዱም ጭቃ ነው። በሉ ልሩጥ፣ አባ አያልነህ ጸሎቱን ሳያደርሱ!