በእናትና በልጅ መካከል

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ቡታጅራ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ የጥንድ ስሞች ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ «ዘ» የምትባለውን ቃል ከስም ፊት ማስቀመጥ ይወዳል ብዬ ስንት ጊዜ ከደከምኩ በኋላ፣ ሁለት ስሞች ተጣምረው ከመስተዋድድ ኋላ ሲመጡ ግን «ዘ» ብዙ ጊዜ ትቀራለች ማለት ነበረብኝ። «ፍሮም ሀውስ ቱ ሀውስ»፣ «ቢትዊን ሀዝባንድ ኤንድ ዋይፍ» እያልኩ በጠመኔ ጻፍኩላቸው።

አንድ ከገጠር የሚመላለስ ቁመተ ረጅም ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለብቻው ሲሆን የሚያስፈልገው ለሁለት ሲሆን ለምን አያስፈልግም?»

የተማርኩትን ያህል መለስኩለት። ጥንዶቹ አብረው የኖሩ ስለሆኑ ማንነታቸው ያለ «ዘ» ይታወቃል አልኩት። እኛ «በባልና በሚስት መካከል» ብለን «በ»ን ለሁለቱም እናድላለን፣ እንግሊዝኛ ግን አንዲቷን «ቢትዊን» ለሁለት ያካፍላል። ደግሞ «ቢትዊን» አንዳንዴ ቦታ ነው፣ አንዳንዴ ጠብ ነው፣ አንዳንዴም ምርጫ ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። ይህን እየተናገርኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

«መምህር፣ ክሊኒክ ይፈለጋሉ። የቤት አከራይዎ ሚስት ናት አሉ።»

የምኖረው የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። ባልየው ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚውል ሰው ነው። ሚስቱን እትዬ ነበር የምላት። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባታል፤ ይኼኛው ስለቆየላት በግቢው ውስጥ እንኳን ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። የባልየው እናት ከገጠር መጥተው አብረዋቸው ከርመዋል። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ምራታቸውን ሲቆጧት እንጂ ሲያጫውቷት አይቼ ስለማላውቅ እፈራቸው ነበር።

ክሊኒኩ ስደርስ ባልየው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት ነክቷል፤ አላነሳውም። እናቱ አጠገቡ ቆመዋል። ውስጥ፣ ከነጩ መጋረጃ ኋላ፣ እትዬ ተኝታለች። መጋረጃው ሥር በሚታየው ሲሚንቶ ላይ ደም ነበር። ብዙ ደም ነበር።

ድሬሰሩ ወደ ጥግ ሳበኝ። በሽተኛን ማከምና መርፌ መውጋት የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ብቻ የሚሰማ የአገሩ ልጅ ነው። በሳምንት አንዴ የሚመጣው ፈረንጅ ሀኪም በዕድል ያን ቀን ነበር።

«ሀኪሙ አያት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምረጡ ነው የሚለው። ከእናትና ከልጅ አንዱን። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ግን ባሏ መልስ አልሰጠም። እርስዎ ደግሞ አጣርተው ይንገሩት።»

«በምን ቃል ነው ያለው?»

«ቢትዊን ማዘር ኤንድ ቻይልድ። ደሞ ቹዝ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሁለቱም ቃላት አሉ፤ የሚያጠራጥር አይመስልም። ወደ ባልየው ዞርኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። እናቱ በቋንቋቸው ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና ምንም ሳያስቡ አጭር ነገር ተናገሩ። ድሬሰሩ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እሷን አድኑልኝ ነው የሚሉት። ልጅ ይመጣል፣ እሷ ከሄደች አትመጣም ይላሉ።»

ባልየው አሁንም ዝም አለ። እናቱ ትከሻውን ነቀነቁት። ዝም አለ።

ያኔ ከመጋረጃው ኋላ የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። ደክሟል፣ ግን ቃሉ ይለያል።

«መምህር መጡ?»

«መጥቻለሁ እትዬ። አይዞሽ።»

«ሰምቻለሁ፤ እማማ ያሉትን ሰምቻለሁ። እሱስ ምን አለ?»

ድሬሰሩ እጁን ማጠብ ጀመረ። እኔ ባልየውን አየሁት፣ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የረዘመችብኝ የለም።

«ቆይ፣ ሀኪሙን ራሴ ልጠይቀው» ብዬ ወጣሁ።

ሀኪሙ ጓሮ ነበር። የላንድሮቨሩን የኋላ ወንበሮች እያወጣ መሬት ላይ ይጥላል። ይህን ሳይ ግራ ገባኝ፤ አንዱን ሊገድል የተዘጋጀ ሰው ወንበር ምን ያወጣል? እሱም ተቆጥቶ ነበር። ለምን እንደዘገየን አልገባውም። ተራራው ላይ የጠቆረውን ደመና እያሳየ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ ግማሹን አልሰማሁትም። እንግሊዝኛው የእናቱ ቋንቋ አልነበረም፤ የእኔም አይደለም።

ክፍል ውስጥ የማውቃት ቋንቋ ከአፌ ጠፋች። ምላሴን አርጥቤ እንደገና ጀመርኩ።

«ቢትዊን ማዘር ኤንድ ቻይልድ» አልኩት። «ቱ ቹዝ? ኦር ኢን ዘ ሚድል?» ምርጫ ነው ወይስ መሃላቸው ያለ ቦታ ማለቴ ነው።

ያነሳውን ወንበር ይዞ ቆመ። «ቹዝ?» አለ። «ሁ ቶልድ ዩ ቹዝ?» ወንበሩን ጥሎ ከኪሱ እርሳስ አወጣና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ሣለልኝ። አንድ ክብ፣ ውስጡ ተዘቅዝቆ የተኛ ሕፃን፣ ከሕፃኑ ራስ በታች ደግሞ መውጫውን የዘጋ ወፍራም ነገር። ደሙ የሚመጣው ከዚህ ነው አለኝ፤ «ፍሮም ቢትዊን ማዘር ኤንድ ቻይልድ»። «ቢትዊን»ን ከፊቷ «ፍሮም» ስትቀድማት ምርጫ ልትሆን አትችልም። ቦታ ናት። የእንግዴ ልጁ ነው፤ ቀድሞ ወርዶ በሩ ላይ ተኝቷል። የሚመረጠው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ሆዷን ማስቀደድ ወይም እዚሁ ቆይቶ ሁለቱንም ማጣት።

«ቦዝ?» አልኩት። ሁለቱም ይተርፋሉ ወይ ማለቴ ነው።

«ኢፍ ዊ ጎ ናው» አለ፤ አሁኑኑ ከሄድን።

ሮጬ ተመለስኩ። በአማርኛ ለባልየው ነገርኩት፤ ግን የሰማኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ ድሬሰሩ ለአሮጊቷ በቋንቋቸው ተናገረ። እሳቸው ቃሉ ሳያልቅ ወደ መጋረጃው ገቡ። እትዬን በአንሶላ ሲያነሷት ባልየው ድንገት ብድግ ብሎ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ። ያየችው አይመስለኝም፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

መንገዱን አልረሳውም። ገና ከከተማ ሳንርቅ ዝናቡ ደረሰብን። ሀኪሙ ይነዳል፣ እኔ ለማስተርጎም ከጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ከኋላ እትዬ ተኝታ አሮጊቷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ባልየው እግሯ ሥር ተንበርክኳል። ሀኪሙ በየጊዜው «ኢዝ ሺ ቶኪንግ?» ይለኛል፤ እኔ «እትዬ፣ ተናገሪ» እላታለሁ፤ እሷ «አለሁ» ትላለች። አንድ ቦታ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ቆምን። ሀኪሙ ወርዶ በእግሩ ገብቶ ጥልቀቱን ሲለካ «እትዬ፣ ተናገሪ» አልኳት። መልስ አልነበረም። አሮጊቷ ጉንጯን መታ መታ አደረጉ፤ እንዲያም ሆኖ መልስ አልነበረም። ሀኪሙ ተመልሶ መኪናውን ወደ ውሃው ሰደደው። ውሃው በበሩ ሥር ገባ፣ ሞተሩ አቃሰተ፤ ወዲያ ማዶ ስንወጣ ከኋላ በጣም ቀጭን ሆኖ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ሲያለቅሱ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው።

አዲስ አበባ ስንገባ ጊዜ አላጠፉም። ደም ያስፈልጋል ሲባል ባልየው ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ትንሽ ነበረች፣ ግን ታለቅሳለች። እትዬም ከቀናት በኋላ ዓይኗ ጠራ።

ወደ ቡታጅራ ሲመለሱ አራሷ ጠያቂ በዛላት። ቤቱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ለባሏ ምግቡን ታቀርባለች፣ ሲጠይቃት ትመልሳለች፣ ከዚያ የሚያልፍ ቃል የላትም። ከአሮጊቷ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ይንሾካሾካሉ፤ ቁጣቸው እንኳን ያስቃት ጀመር።

አንድ ቀን ልጠይቃት ገብቼ ብቻዋን አገኘኋት።

«መምህር፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ምንም አላለም አይደል?»

«ደንግጠው ነበር እትዬ። ደግሞም ጥያቄው ስህተት ነበር። ሀኪሙ እንዲያ አላለም።»

«ስህተት መሆኑን እሱ አላወቀም፤ እማማም አላወቁም። እሳቸውም ደንግጠዋል፣ ግን ተናገሩ።»

ሰዋስዉን ላስረዳት አልችልም፤ ብችልም አይጠቅማትም።

እንዲህ ሆነው ክረምቱ አለፈ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም፣ ባልየው ከሱቁ ያለ ሰዓቱ መጣ። ጓዳው በር ላይ ቆመ። እትዬ ልጇን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ድስት ታማስላለች። መኖሬን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ድምፁን አልቀነሰም።

«ያን ቀን አንዱን ብጠራ፣ ሌላውን በአፌ የገደልኩ መሰለኝ» አላት። «ለዚህ ነው አፌ የተያዘው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ማማሰሏን አላቆመችም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ ፊቷን ከነበርኩበት ማየት አልቻልኩም። ልጅቱን ዘረጋችለት።

«ያዛት እስቲ» አለችው። «ወጡ ሊያርብኝ ነው።»