የፊደል መብራት ይዘን ወደ ዘጌ

ከልጄ ከስመኝ ጋር ከባሕር ዳር የተነሣነው በጥቅምት ወር፣ አንድ ዓርብ ጧት ነው። የሄድነው አንዲት ክፍል ቤት ለማዳን ነበር። ከቀበሌያችን አዳራሽ ጀርባ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ ጠባብ ክፍል ናት። እኔ የፋብሪካ መብራት ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ ራሴን አስተማርሁ። ከሥራ ስመለስ የሰፈሩን ወጣቶች በዚያች ክፍል ሰብስቤ ሽቦ መቀጠል፣ ትራንዚስተር መለየት፣ በስታኞ መበየድ አሳያቸው ነበር። ሥራ የፈታ ወጣት ወይ መጠጥ ቤት ይገባል፣ ወይ የማያዋጣ ወሬ ውስጥ ይገባል። በዚያ ዘመን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፍሏን ለኅብረት ሱቁ ዕቃ ማከማቻ ፈለጋት። ብንለምነው፣ ብናስለምነው "ሽቦ መጠምዘዝ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?" አለን። በመጨረሻ አንድ ቀዳዳ ተወልን። የሠራነውን መሣሪያ የዘጌው መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ከወደደው ክፍሏ የእኛ ሆና ትቀራለች። ካልወደደው ቁልፏን እናስረክባለን።

መሣሪያው በረጅም ሽቦ የተያያዙ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ነው። አንደኛው በጣት የሚጫኑ ሁለት ማብሪያዎች አሉት። ሌላኛው ላይ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች አሉ፤ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ የከረሜላ ልባስ ተሸፍኗል። ቀዩ የፊደሉን ቤት ይናገራል፦ አንዴ ቢበራ ሀ፣ ሁለቴ ቢበራ ለ፣ ሦስቴ ቢበራ ሐ። አረንጓዴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንተኛው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ቀዩ ሁለቴ፣ አረንጓዴው አራቴ ከበራ "ላ" ማለት ነው። መምህር ባነሰበት ቦታ አንድ አስተማሪ በአንድ ዳስ ተቀምጦ በሌላው ዳስ ላሉትም ቃል እንዲልክ፣ እነሱም ቆጥረው እንዲጽፉ ነው የታሰበው። ሐሳቡ የስመኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ ከዚያች ክፍል በቀር የምትሄድበት አልነበራትም።

ከወደቡ

ወደብ ስንደርስ የዘጌ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ገና መድረሳቸው ነው። ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ያራግፋሉ። የእኛ ጀልባ ባለሞተር ነው፤ ባለቤቱን አያ ጌጡ ይሉታል።

"ለሰው ሃምሳ ሳንቲም። ለሳጥኖቹም ሃምሳ።"

"ሳጥን ሰው ነው እንዴ?" አልሁት።

"ሰውማ ጀልባው ሲያዘነብል ወደ ሌላው ጎን ጠጋ ይልልኛል። ሳጥንህ ጠጋ ይልልኛል?"

ሳንቲሙን ቆጥሬ ከፈልሁ። ሰማዩ ከብዷል፤ ሐይቁም ክረምት ካወረደው ጭቃ ገና አልጠራም። ሻላ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከደንገሉ ዳር ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ስመኝ ሳጥኖቹን በነጠላዋ ሸፈነችና፣

"አባዬ፣ ክዳኑ ላይ ፊደሉን በተራ ብጽፈው ምን ይልዎታል? ቀለሙን ይዤዋለሁ" አለችኝ።

"አይሆንም። ምርኩዝ ለአንካሳ ነው። የሚማር ሰው በቃሉ ይቁጠር።"

"እኛስ ስንጀምር ጽፈን አልነበር?"

"አልሁሽ እኮ።"

"እሺ" ብላ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ልጅ ሲከራከር ደስ አይለኝም፤ ያን ዕለትም አላለኝም።

ዘጌ

ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፤ ከጥንት ጀምሮ ሞፈር የማይነካት ምድር ናት። ሰዉ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ያድራል። ዛፉ ከመጠን በላይ ጥቅጥቅ ስላለ በቀትርም መንገዱ የመሸ ይመስላል። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ካሣሁን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ካድሬ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ይመስላል። ሽሮ በቃሪያ ጋበዘን። የአበላሉ ትሕትና ደስ አለኝ።

"ሁለት ዳስ አለኝ፣ አስተማሪ ግን አንድ" አለ። "ይህ ነገር ከሠራ ለእናንተ ሳይሆን ለእኔ ነው የምትደርሱልኝ።"

በላይኛው ዳስ መሪጌታ ልሳነወርቅ ይጠብቁን ነበር። የቅኔ መምህር ናቸው። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ተለምነው ጎልማሶችን ያግዛሉ እንጂ መደበኛ አስተማሪ አይደሉም። ለሙከራው ብልጭታውን ቆጥረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ እሳቸው ተመረጡ። አምፖሎቹን ፊታቸው አስቀምጬ አስረዳኋቸው።

"ነገሩ ቀላል ነው፣ መሪጌታ። በቀዩ አቡጊዳውን ይቆጥራሉ፤ በአረንጓዴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ።"

"አቡጊዳውን?" አሉ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

"አዎን፣ አቡጊዳውን።"

"መልካም። በእሱ ከቆጠርሁ ቆየሁ፤ ግን አልጠፋኝም።"

ስመኝ ማብሪያዎቹ ያሉበትን ሳጥን ይዛ፣ ካድሬውም የምትልከውን ቃል ሊሰጣት ወደ ታችኛው ዳስ ወረዱ። ሽቦው በዛፎቹ መካከል ሲጎተት አንዱ ቅጥል ስለላላ፣ እኔ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ ጨብጬ ያዝሁት። ላዩንም ታቹንም አላይም፤ የላይኛውን ዳስ ድምፅ ግን እሰማለሁ።

ጥቂት ቆይቶ የመሪጌታ ድምፅ መጣ። "ዘ... ባ... ድ። ዘባድ!"

ዳሱ በሳቅ ሞላ። አንዲት ሴት "ኧረ መሪጌታ፣ መብራቱ ሽቶ አማረው እንዴ?" ስትል ሰማሁ።

"ዝባድ ማለቷ ነው። ሳድሱን ግዕዝ አድርጋዋለች። የከተማ ልጅ ናት፣ እናልፋታለን" አሉ።

ቅጥሉ የላላብኝ መሰለኝና ጣቴ እስኪያመኝ ጨበጥሁት። ሁለተኛው ቃል አጭር ነበር።

"ደ... ባ።"

አሁን የሳቀ የለም።

"የማን ደባ ነው?" አለ ከዳሱ አንድ የወንድ ድምፅ።

ነገሩ ታች ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ካድሬው ሽቅብ እየሮጠ በአጠገቤ አለፈ። ሽቦውን ለቅቄ ተከተልሁት። ሰሌዳው ላይ "ደባ" ተብሎ በቁም ጽሕፈት፣ ባማረ እጅ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

"ይህን ማን ጻፈ?"

"የጻፍሁስ እኔ ነኝ፤ የተናገረው ግን መብራቱ ነው" አሉ መሪጌታ።

"እኔ የሰጠኋት ቃል 'መላ' ነው። የዛሬው ትምህርት 'ለችግራችን መላ' የሚል ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "የማን ደባ ነው፣ ጓድ? ይህ ሽቦ ሌላ የት ይደርሳል?"

ያን ዘመን ያላዩ ሰዎች በአንድ ቃል እንዲህ መደንገጥ ይገርማቸው ይሆናል። እኔ ከዚያ ባነሰ ቃል ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ጎረቤት ነበረኝ። ፈራሁ፤ ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

እኔንና ስመኝን በየፊናችን አስቀምጦ ጠየቀን። ይህን አቆጣጠር ማን አወጣው? በሐይቁ ማዶ መብራቱን የሚያይ ሰው አለ ወይ? ራዲዮ እንሠራለን ወይ? ታንኳውም ጀልባውም ወደ ባሕር ዳር እየተመለሰ ቀኑ አዘቀዘቀ። በኋላ ሁለታችንንም ሰሌዳው ፊት አቆመን።

ስመኝ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፤ ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "ቀዩን አራቴ ነው ያበራሁት። አራተኛው ቤት መ ነው። እንዴት ደ ሆነ?" አለች። ወደ መሪጌታ ዞረች። "የመጀመሪያው ቃል ሰላም ነበር። እርስዎ ዘባድ አሉት። ሰ ሰባተኛ ነው። የርስዎ ሰባተኛ ማን ነው?"

መሪጌታ በጣታቸው እየቆጠሩ "አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ" አሉ። ዘ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ስመኝ እኔን አየችኝ። "አባዬ፣ ምን ብለዋቸው ነው?"

"አቡጊዳውን ይቁጠሩ" አልሁ።

እኛ ከተሜዎች የትኛውንም የፊደል ጅማሬ አቡጊዳ እንላለን። በቤተ ክህነት ተማሪ ዘንድ ግን ሀሁ ሌላ፣ አቡጊዳ ሌላ ነው። አቡጊዳ ከሀሁ ቀጥሎ የሚነበብ፣ ከአ ተነሥቶ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ የሚሄድ ራሱን የቻለ ተራ ነው። መሪጌታ ያልኋቸውን አንድም ሳያዛንፉ አደረጉ። የእኛ መ ለእሳቸው ደ፣ የእኛ ላ ለእሳቸው ባ ሆነ። ያልሆነ ስም ሰጥቼ ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ፤ ክዳኑ ላይ ፊደሉ ተጽፎ ቢሆን ደግሞ እንኳን እሳቸው እኔም አልሳሳትም ነበር።

"ጓድ ካሣሁን" አሉ መሪጌታ፣ "የሚታሰር ካለ ያነበብሁት እኔን እሰሩኝ። እሷ የላከችው መላ ነው።"

ካድሬው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሰሌዳውን በእጁ መዳፍ አጠፋው።

"ለእኔ ገብቶኛል" አለ። "ግን ዳስ ሙሉ ሰው መብራት ደባ ሲል ሰምቷል። ነገ ገበያ ላይ ይወራል። በላይ ያሉት ሲጠይቁኝ ስለ አበገደ ላስረዳቸው ነው? ሳጥኖቹ እዚህ ይቀራሉ። ለቀበሌያችሁ አይጠቅመንም እላለሁ፣ ሌላ አልጨምርም። ሂዱ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ሂዱ።"

እንደዚያ ዘመን ሰው ምሕረት አድርጎልናል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ።

በእግር መመለስ

ጀልባው ሄዶ ስለነበር በየብሱ በኩል በእግር ወጣን። ሽቦውን እንኳ አልሰጡንም፤ ባዶ እጃችንን ነበርን። ከጫካው ስንወጣ መንገዱ ዋልካ ነው፤ ጫማ ውጦ ያስቀራል። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ባልቴት አሳደሩን። የጓያ ሽሮና ጠላ አቀረቡልን፤ ገንዘብ ብንሰጣቸው "እንግዳ አልሸጥም" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ለስመኝ ብዙ መከርኋት። ቃልን መጠበቅ፣ ችኮላን መተው፣ በሰው አገር መጠንቀቅ። በመጨረሻ፣

"እኔ ምን አጠፋሁ፣ አባዬ?" አለችኝ።

ምንም አላጠፋሽም አልኋት። ከዚያ በኋላ እስከ ባሕር ዳር ኬላ ድረስ የምመክራት አጣሁ።

ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር ወጣቶቹ በክፍሏ ደጃፍ ተሰብስበው ጠበቁን። በባዶ እጃችን ሲያዩን ገባቸው። ነገሩን በካድሬው ላይ ላሳብብ እችል ነበር፤ ሁሉም ያምኑኝ ነበር። "መሣሪያችሁ ሠርቷል። ያልሠራው የእኔ ቃል ነው" አልኋቸው። እየገቡ ያመጡትን አወጡ፤ አንዱ ጉጠቱን፣ አንዱ የአጎቱን የራዲዮ ቀፎ፣ አንዷ የምንቀመጥበትን በርጩማ። ሰኞ ቁልፉን አስረከብሁ። ሁለተኛም አልተሰበሰብንም።

ከጉዞው የተማርሁት ይህ ነው፦ ሰውን አስተምራለሁ የሚል አስቀድሞ ያ ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ይጠይቅ። ይህን ለመማር የከፈልሁት የራሴን ብቻ ቢሆን ባልተጸጸትሁ።

ስመኝ ለብዙ ሳምንት መፍቻ አልነካችም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ዝም ያለ ራዲዮ አመጣ። ክዳኑን ከፈትሁና እንደ ልማዴ "ይህ እንዲህ ነው" ልል አፌን ከፍቼ ተውሁት።

"አንቺ ብትሆኚ ከየት ትጀምሪያለሽ?" አልኋት።

እየቀለድሁባት እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ከባትሪ ድንጋዩ" አለች።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከድምፅ ማጉያው ነበር።