የአባቴ አጀንዳና የዋልታው በረዶ

የማስተርስ ፕሮፖዛሌን ያቀረብኩት ጉርድ ሾላ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊቴ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ ስንት ጊዜ ሰፈሬን ጎሮን አልፌ ወርጃለሁ።

ርዕሴ ከዋልታ ምድር ተቆፍሮ የሚወጣ በረዶ ስለ አየር ንብረት ምን ይነግረናል የሚል ነበር። እዚያ በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ በላይ በላዩ ይነባበራል፤ ንብርብሩን የቆጠረ ዓመቱን ያውቃል። በመካከሉ የየዘመኑን አየር የያዙ ጥቃቅን አረፋዎችና የእሳተ ገሞራ አመድ ይገኛሉ፤ ትልቅ እሳተ ገሞራ ደግሞ ፀሐይን ጋርዶ ዝናብ ሊያዛባ ይችላል።

የምኮራበት ማስረጃ ግን የአባቴ ነበር። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ክረምት የገባበትን ቀን በየዓመቱ አጀንዳው ላይ ይጽፋል። ዝናብ የዘገየባቸውን ዓመታት በረዶው ውስጥ አመድ ከታየባቸው ጋር ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልክክ አሉ። የዚያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳ አልበላሁም።

«ጎሮ ተቀምጠሽ የዋልታ በረዶ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ ሰብሳቢው። «ፍሪጅሽን አትከፍቺም?»

ተሳቀ። እኔም ለአክብሮት ፈገግ አልኩ።

ከዳር የተቀመጡት መምህርት ግን ግራፉን አተኩረው አዩት። «አባትሽ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር አይደለም እንዴ?»

ጆሮዬ ጋለ። የበረዶው ዓመት በፈረንጆች ነው፣ የአባቴ በእኛ። ሳልቀይር ነው ያጋጠምኳቸው። ሰባት ስምንቱ ዓመት ሲስተካከል ያ ሁሉ ግጥምጥሞሽ ይፈርሳል።

«በቃ» አሉ ሰብሳቢው፣ የርዕስ መቀየሪያ ቅጹን እየገፉልኝ። «የአቃቂን ወንዝ አጥኚ፣ ቅርብሽ ነው። ፈርሚና ሂጂ ልጄ።»

ያደግኩት ለታላቅ እሺ እያልኩ ነው። እስክሪብቶም አንስቼ ነበር። ግን የተሳሳትኩት እኔ እንጂ በረዶው አይደለም።

«ግራፉ ስህተት ነው» አልኩ እስክሪብቶውን መልሼ አስቀምጬ። «አስተካክለዋለሁ። ርዕሱን ግን አልቀይርም።»

«ለምን?»

«እነዚያ አረፋዎች የስምንት መቶ ሺህ ዓመት አየር ይዘዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዛሬውን ያህል ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ጎሮ የምተነፍሰውም ይህንኑ አየር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚመጣው ክረምት የእኛም ጉዳይ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ካልገጠመልሽስ?»

«አልገጠመም ብዬ እጽፋለሁ።»

መምህርቷ ሳቁ። «ሁለት ሳምንት ይሰጣት» አሉ። ሰብሳቢው እጃቸውን አወናጨፉ እንጂ አልከለከሉም።

የሆነውን በስልክ ነግሬው ስለነበር ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «የእኔ ጽሑፍ ነው ያሳፈረሽ?»

«አይደለም አባዬ። አንተም በረዶውም ልክ ናችሁ።»

ያልፈረምኩትን ቅጽ ገልብጬ ከጀርባው ግራፉን እንደ አዲስ ሠራሁት። የአባቴ ዝናብና የበረዶው አመድ ተራራቁ። ከሥራቸው «አልገጠሙም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከላይ ደግሞ ያንኑ ርዕሴን፣ ደመቅ አድርጌ።