የሰርጉ በርበሬ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን በጉባኤው ፊት ልናገር ወድጄ ቆሜያለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳውቃችሁ ይገባኛል። የምነግራችሁ ታሪክ ዋናው ክፍል በዓይኔ ያየሁት አይደለም። ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳለሁ የሰማሁትና ያሸተትሁት ነው። ዘመኑም ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ልስት እችላለሁ፤ የአንዱንም ሰው ቃል በሌላው አፍ ላስገባ እችላለሁ። ትምህርት አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ የሰው ትዝታ ባለቤቱን ደስ ለማሰኘት ሲል ብዙ ነገር ይጨምራል። እናም እርግጠኛ የሆንሁበትን ካልሆንሁበት እየለየሁ ለመናገር እሞክራለሁ። እኔ ብሳሳት እሱ አይሳሳትም፤ ስሙ ይባረክ!

አባቴ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሐረር የገባ ወታደር ነበር። ቤታችን ሸዋ በር አጠገብ ነበር። በልጅነቴ ፈንጣጣ ግራ ዓይኔን አጠፋው። በቀረችኝ በአንዲቱ ዓይን ፊደል ቆጠርሁ፤ በእሷው ባሕር ተሻግሬ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተማርሁ። ስመለስ መጻሕፍት ይዤ ተመለስሁ፤ ጸሎትን ግን እዚያው ትቼው መጣሁ። በማጉያ መስታወት ሥር የማይታይ ነገር ሁሉ ለእኔ የሌለ ነገር ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ወንጌላዊ ሐኪም ከትልቁ ገበያ ከጊደር መጋላ ቁልቁል በምትወርድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከከተማው ግንብ ውስጥ፣ ቤት ተከራይቶ ዓይን ያክም ነበር። የአገሩን ቋንቋ ስለማውቅ አስተርጓሚው ሆንሁ። ሐኪሙ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት ከበሽተኛው ጋር ይጸልያል። እኔም ጸሎቱን እንደ በሽተኛው ሁኔታ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በልጅነቴ ከጎረቤት በለቃቀምሁት በሐረሪ ቋንቋ አስተረጉማለሁ። ወገኖቼ፣ ያን ጸሎት ስንት ጊዜ እንዳስተረጎምሁት አላውቅም። ውኃ በቧንቧ እንደሚያልፍ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። "አሜን" የምትለዋን ቃል ግን አልናገርም፤ እሷን ለበሽተኛው እተውለታለሁ።

ከጸሎቱ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያውን አስተረጉማለሁ። "ራስህን እንዳታነሣ። እንዳትስቅ፣ እንዳትስል። ከሁሉ በላይ እንዳታስነጥስ። የተቀደደው ዓይን ገና ሳይገጥም ብታስነጥስ ይፈነዳል፤ ያኔ እኔም ልረዳህ አልችልም።" ይህንንም በሦስት ቋንቋ በቃሌ አጥንቼው ነበር።

እናቴ ኦርቶዶክሳዊት ነበረች፤ ወደ ሐኪሙ ቤት መመላለሴን አትወደውም። ከሁሉ ይልቅ የሚከነክናት ግን አለመጸለዬ ነበር። አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ ይመስለኛል፣ እንዲህ አለችኝ፦

"ለአገሩ ሰው ሁሉ ጸሎት ታስተረጉማለህ። ለአንተስ ማን ያስተርጉምልህ?"

"እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬ።"

"ደህና ከሆንህ ወጡን ትተህ ለምን ገበታውን ትጠቅሳለህ?"

ስቄ አለፍሁት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እኔ ለራሴ ያልነገርሁትን እሷ አይታዋለች። በቀረችኝ ዓይኔ ላይ ሞራ እየጋረደ ነበር። መጀመሪያ ፊደሉ ደበዘዘ፤ ቀጥሎ የሰው ፊት። በመጨረሻም ግንቡን በእጄ እየዳበስሁ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርሁ። ሐኪሙ ብርሃን አቅርቦ ተመለከተና አልሸሸገኝም። "ሞራውን ላወጣው እችላለሁ። ነገር ግን ሌላ ዓይን የለህም። ይህች ከተበላሸች ጨለማ ነው" አለኝ። እኔም ያንን ዓይነት ቃል ለሌሎች ስንት ጊዜ አድርሻለሁ! ለካ ሲያስተረጉሙት ቀላል ነው።

ሐኪሙ ቀን ቆረጠልኝ። ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። የሐኪሙ ቤት ከአይ ሩቂያ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። አይ ሩቂያ፣ 'አይ' በሐረሪ ቋንቋ 'እናት' ማለት ነው፣ በአገሩ ሰው ዘንድ የተከበሩ፣ ምላሳቸው ስለታም የሆነ የሐረሪ እመቤት ነበሩ። በዚያ ወር ልጃቸው መርየም ልታገባ ነው፤ ግቢያቸውም የዘመድ አዝማድ ሴቶች ሞልተውበት የሰርጉን በርበሬ ይወቅጣሉ። ዘነዘናው ድም ድም ሲል፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ የበርበሬው ብናኝ በግድግዳው ላይ አልፎ ወደ እኛ ግቢ ሲወርድ ይታወቀኛል። እናቴ ሰማችና ደነገጠች።

"ሂጂና ለምኛቸው" አልኋት።

 እናቴ ከዚያ በፊት ያልነገረችኝን ነገር ነገረችኝ። "አባትህ ከሠራዊቱ ጋር የገባ ጊዜ ለማደሪያ የተመራው እዚያ ቤት ነው። ሳይጠይቅ ገብቶ፣ ሳይጠይቅ በልቶ፣ ክረምቱን ከረመበት። ሩቂያ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። እኔ የእሱ ሚስት፣ ዛሬ በምን አፌ 'የልጅሽን ሰርግ አቁሚልኝ' ልበላት?"



ቀኑ ደረሰ። ሐሙስ ይሁን ዓርብ እጠራጠራለሁ። የሚያደነዝዘውን ጠብታ ዓይኔ ላይ አደረጉና ተጋደምሁ። ከሐኪሙና ከእናቴ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን አላስታውስም። ሐኪሙ እንደ ልማዱ በቋንቋው ጸለየ፤ ጸልዮም እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ። የሚጠብቀው እኔን መሆኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገባኝ። ጸሎቱ የሚተረጎምላት እናቴ አጠገቤ አለች፤ ሌላ አስተርጓሚም የለም። እናም ተጋድሜ፣ ስለ ራሴ ዓይን የተጸለየውን ጸሎት ለእናቴ በአማርኛ መለስሁላት። ጌታ እጁን እንዲያጸናለት፣ ለዚህ ሰው ብርሃኑን እንዲመልስለት፣ ብርሃኑ ባይመለስም እንዳይተወው።  "ባይመለስም እንዳይተወው" የምትለዋን ሐረግ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ፤ ሰምቻት ግን አላውቅም ነበር። ወገኖቼ፣ ሰማኋት! ከዚያ "አሜን" ቀረ። እናቴ የምትለው መሰለኝ፤ ዝም አለች። ሐኪሙም ዝም አለ። እኔ አልሁት። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ከአውሮፓ ከተመለስሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ራሴ አልሁት!

ሞራው ወጣ። ዓይኔ ታሰረ፤ ራሴ እንዳይነቃነቅ በግራና በቀኝ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተደረገልኝ። እናቴ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣኛለች። በማግስቱ፣ ጠዋት ይመስለኛል፣ ከግድግዳው ወዲያ ዘነዘናው ድም ድም ማለት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በአፍንጫዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጉንዳን ሄደ። ወንድሞቼ፣ ጦር የሚመጣበት ሰው ይሸሻል፤ እኔ ግን ራሴን እንኳ ማዞር አልችልም። ማስነጠሱ መጣ፣ ቀረበ፣ ደረቴ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ምንም አልሠራልኝም። "ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ" አልሁ በልቤ። ማንም ያላስተረጎመልኝ የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህ ነው። እናቴ ጣቷን ከአፍንጫዬ ሥር አድርጋ ጥርሴ እስኪያመኝ ተጫነችው። አለፈ። ጌታ ይመስገን፣ አለፈ!

እናቴ ወጣች፤ ቆይታ ተመለሰች። ምን እንዳደረገች አልነገረችኝም። ከዚያ በኋላ ግን ዘነዘናው ዝም አለ። እንደማስታውሰው ጨርቁ እስኪፈታ ድረስ ዳግመኛ አልሰማሁትም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን አይ ሩቂያ ሊጠይቁኝ መጡ። ገና ከደጅ ድምፃቸውን አወቅሁ።

"ኧረ አስተርጓሚው! ዝም ብለህ ተኛህ? አልሐምዱሊላህ! ከተማው አንድ ሳምንት አረፈ።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ "እባክዎ አያስቁብኝ!" ብላ ጮኸች።

ከንፈሬን ብዙ ሳላንቀሳቅስ "የሰርጉ ዝግጅት እንዴት ነው?" አልኋቸው።

"ኢንሻአላህ ይደርሳል። አንተ አትናገር። እናቴ እዚሁ አልጋ ላይ በተኛች ጊዜ 'አትናገሪ፣ አትሳቂ' እያልህ ስትቆጣት የነበርህ አንተ አይደለህም እንዴ? ዛሬ ተራህ ነው፤ ተኛ!"

ሲያጎነብሱ ከልብሳቸው የእርጥብ አፈርና የጫት ማሳ ሽታ ሸተተኝ። የከተማ እመቤት፣ በሰርግ ሰሞን፣ የማሳ አፈር ከየት አመጡ? ገረመኝ፤ ግን አልጠየቅሁም፤ ሽታውም ከትዝታዬ አልወጣም።

ጨርቁ የተፈታ ቀን መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ነገር ነበር። የእናቴ ነጠላ መሆኑን ያወቅሁት ሲንቀጠቀጥ ነው። ኋላም በወፍራም መነጽር ፊቷን አየሁ፤ አርጅታለች። ሐኪሙ "የእኔ እጅ የሠራው ጥቂት ነው። ዋናው አንተ አለመነቃነቅህ ነው" አለኝ። እኔም የያዘኝ ሌላ መሆኑን ነገርሁት። ከዚያ ወር ጀምሮ ጸሎቱን ሳስተረጉም አሜኑንም እጨምር ነበር። ሃሌ ሉያ!

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ስመሰክር "እናቴ ሄዳ ለመነቻቸው፣ ጌታም ልባቸውን አራራላት" እል ነበር። እናቴ ግን ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ይህንኑ ስናገር ሰምታ አቆመችኝ። "ልጄ፣ እኔ አልለመንሁም። ሄድሁ፤ በራቸው ላይ ቆምሁ፤ አባትህ ትዝ አለኝ፤ አፍሬ ተመለስሁ።"

ይህ ነገር ሰላም ነሣኝ። እናቴ ካልለመነች ዘነዘናው በምን ቆመ? ወይስ መጀመሪያውኑ አልተወቀጠም? ምናልባት ያ በርበሬ የፍርሃቴ ሽታ ቢሆንስ? በእግዚአብሔር ስም ቆሜ የማውራው ነገር ራሴ የፈጠርሁት ቢሆንስ? እምነቴ በአንድ ሙቀጫ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ነገር ግን በጉባኤ ፊት የሚነገር ነገር እውነት መሆን አለበት።

ስለዚህ ፈለግሁ። አይ ሩቂያ ሞተዋል፤ ሙሽራይቱን መርየምን ግን በጊደር መጋላ፣ በቅመም ሻጮች መካከል አገኘኋት፤ እሷም ልጅ የምትድር እናት ሆናለች። ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ሳቀች።

"እናትህ በራችን ላይ ቆማ ተመለሰች" አለችኝ። "እናቴ አየቻት። 'ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው?' አለች። ከዚያ አንተ ዓይንህን መታከምህ ትዝ አላት። ዘነዘናውን ከእጃችን ነጠቀችን። 'አስተርጓሚው ተኝቷል! አያትሽ የተኛች ጊዜ በርበሬ አጠገቧ እንዳይደርስ ያለንን ረሳሽ?' ብላ ተቆጣችን። የሠፈሩን አህያ ሁሉ አስጠራች።"

"አህያ ለምን?"

"በርበሬውን ልንጭን ነዋ! ሙቀጫውንም፣ ሴቶቹንም ይዘን ከከተማ ውጭ ሶፊ ወረድን፤ አጎቴ ማሳ።"

ወንድሞቼ፣ ይህን ስሰማ በገበያው መካከል ቆሜ ቀረሁ። ያንን ማስጠንቀቂያ በአፌ ያስተረጎምሁት እኔ ነበርሁ፤ ባላመንሁበት ዘመን፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ልጇ በአጠገቧ ቆማ እየሰማች። እኔ የረሳሁትን ቃል ጌታ በአይ ሩቂያ ልብ አስቀምጦ ጠበቀልኝ። አባቴ ሳይጠይቅ በገባበት ቤት፣ ሳንጠይቅ ተደረገልን። ማስነጠሴን የያዘልኝ ጌታ እንደሆነ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ግን እሱ የያዘኝ በምን ያህል ሰው እጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ከእናንተ መካከል ዛሬ ራሱን ማዞር የማይችል፣ የሚመጣውን ነገር ተጋድሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ልበለው። በጌታ ታመን። ምንም የማይሠራ ሲመስልህ፣ አንተ በማታየው ከግድግዳው ወዲያ፣ ስለ አንተ አህያ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። የምታውቀው ጸሎት ባይኖርህ "ያዘኝ" በለው፤ አስተርጓሚ አያስፈልግህም።

ይህንንም የምላችሁ ሳላጣራ አይደለም። ከመርየም ከተለየሁ በኋላ ሶፊ ወርጄ አጎቷን አገኘሁ። እጅግ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በጫቱ ማሳ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሙቀጫዎቹ ተደርድረው የነበሩበትን ቦታ በምርኩዛቸው አሳዩኝ። በርበሬው በእርግጥ እዚያ መወቀጡን ጠየቅኋቸው።

"እዚህ ነዋ!" አሉኝ። "ያኔ ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። እኔ፣ ልጆቼ፣ በሬዎቹም ሳይቀሩ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለ አንተ ስናስነጥስ ዋልን።"