ጅቡ ከገባ በኋላ

ልጅ ሳለሁ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እናቴ «ይህች ልጅ እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው!» ትል ነበር። በዚያ ላይ አጎቴ ከመተማ ሲመለስ ኤምፒ ስሪ አመጣልኝ። አውራ ጣት የምታክል፣ በአንድ ቀጭን ባትሪ የምትሠራ፣ ዘፈን የምታጫውት፣ ድምፅም የምትቀዳ ጉድ ነበረች። የመጣችውም አሥራ አንድ ዘፈን ተጭኖባት ነው። ያኔ አዘዞ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ልጅ አልነበረምና፣ ገመዱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ተረት የምንሰማው መብራት ሲጠፋ ነበር። አያቴ የዜማ መምህር ስለሆኑ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው። መብራቱ እልም ሲል እናቴ ፋኖሱን ትለኩስና የከሰሉን ምድጃ ወደ መሐል ትገፋዋለች፤ እኔና ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው የኔታ ጉልበት ሥር እንኮለኮላለን። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት!» ብለን ካልጮህን አይጀምሩም።

አንድ ምሽት «በዚህች ልቅዳዎት» አልኋቸው።

«ምን ሊያደርግልሽ? እኔ አለሁልሽ አይደል?» ብለው ሳቁ፤ ግን እሺ አሉኝ።

የዚያ ዕለት ተረት ጅብ የቆሎ ተማሪ መስሎ ስለ መለመኑ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በዶፍ ዝናብ ከአንዲት ባልቴት ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባልቴቷ በሩን ስትከፍት ከደበሎው ሥር ጅራቱን አየችው። አልጮኸችም። «ግባ፣ ልጄ» አለችና በሩን ከኋላው ዘጋችው።

እዚህ ላይ ባትሪው እያለቀ መሆኑን አየሁ። ለዘፈኔ እንዲተርፈኝ ብዬ መቅጃውን አጠፋሁት። ይህም አልበቃ ብሎኝ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ፣ የኔታ እያወሩ፣ ዘፈን ከፈትሁ። ትዝ የሚለኝ በፋኖሱ ብርሃን ሁሉም በሳቅ ሲንፈራፈሩ ነው፤ እናቴ ሆዷን ይዛ፣ የኔታም ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ምን እንዳሳቃቸው አልሰማሁም። ነገ እጠይቃቸዋለሁ አልሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረብኝ።

ዘንድሮ ማጫወቻዋን ከእናቴ ሣጥን ውስጥ አገኘኋት። የባትሪዋ ክዳን ስለጠፋ በፕላስተር ነው ያሰርኋት፤ ማሳለፊያ ቁልፏም አይሠራም፤ ስለዚህ የኔታ ድምፅ ጋ ለመድረስ አሥራ አንዱንም ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ነው። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ያለው ስልክ ጠጋኝ «እቴ፣ ይህችን ከየት ቆፍረሽ አወጣሻት?» ብሎ አፌዘብኝ፤ ቁልፉንም አልቻለውም። ያኔ የሞትሁላቸው ዘፈኖች አሁን አያልቁልኝም፤ ሰዓቴን እያየሁ፣ «ቶሎ በሉ!» እላቸዋለሁ። እናቴን ስለ መጨረሻው ብጠይቃት «መሳቃችን ትዝ ይለኛል፤ በምን እንደሳቅን ግን እንጃ» አለች። የአክስቴ ልጆች ጭራሽ ተረቱንም አያስታውሱም።

የኔታ ዛሬ ዘጠናን ተሻግረዋል፤ ስም ይጠፋባቸዋል፣ እኔንም አንዳንዴ በእናቴ ስም ይጠሩኛል። መጀመሪያ ባሰማኋቸው ቀን፣ ዘፈኖቹ እስኪያልቁ ብቻዬን ጠብቄ፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ ሌላውን እኔ ያዝሁ። ድምፁ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት!» ብለው እንደ ሕፃን ጮኹ። የራሳቸው ድምፅ መሆኑን አላወቁትም። «ምነው ይህ ሰውዬ ይቸኩላል! ቀስ በል እንጂ» እያሉ ሲያርሙት ቆዩ። ጅቡ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ቀጥ አለ። ጠበቁ፣ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ዝም አለ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የኔታ። መጨረሻውን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እኔ በምን አውቄ? አንቺ ጨርሽው እንጂ!»

እንባዬ መጣ። ግን እንደ ልጅ ዓይናቸውን ተክለውብኝ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ባልቴቷ በዘነዘና አናቱን አለችው አልሁ።

«አይደለም» አሉ፣ ተማሪ በሚያርሙበት በዚያ ቁርጥ ባለ ድምፃቸው።

ጠጋ አልኋቸው። «ታዲያ እንዴት ነው?»

«እንጃ። እንዲህ ግን አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ ተጋፍቼ አዘዞ እወርዳለሁ፤ መንገድ ላይ መጨረሻ ስፈጥር «ወራጅ» ማለት ረስቼ የማልፍበት ቀን አለ። ባልቴቷ ዳዊት ድገምልኝ አለችው፤ አይደለም። ደበሎህ ርሷልና አውልቀህ እሳት ዳር አድርቀው አለችው፤ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ፣ ቀርቤያለሁ አልሁ፤ እሱም አይደለም። እናቴ «ተረት አይደል እንዴ፣ ምን እንዲህ ያንገበግብሻል?» ትለኛለች። የሚያንገበግበኝ አለመንገራቸው አይደለም። ነግረውኛል፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ትናንት «አይደለም» ከማለታቸው በፊት ብዙ ዝም አሉ። ሲያቅማሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አሁን የምፈራው አንድ ቀን «አዎ፣ እንዲህ ነው» እንዳይሉኝ ነው። እኔ አግኝቼው ይሁን ወይስ እውነተኛው መጨረሻ ከእሳቸው ጨርሶ ጠፍቶ፣ ያን ጊዜ ማንን እጠይቃለሁ?