«ሂል» እና ዝም ያለው መምህር

ሰፈሩ ሁሉ መምህሩን «ግሱ» ነበር የሚለው። እንግሊዝኛ ሲያስተምር አንድ ግስ ከያዘ ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም፤ ትርጉሙን ይዘረዝራል፣ አገባቡን ያሳያል፣ በመጨረሻ የዘር ሐረጉን ይቆጥራል። «ሙሽራ እንኳ ዘሯ ይጠየቃል፤ ግስስ?» ይላቸዋል ተማሪዎቹን።

ጡረታ ከወጣም በኋላ ሳሎኑ ተማሪ አላጣም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስትሰማው ኖራለች። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ስንቱን ግስ ግን ከነአያቱ ታውቃለች።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ በድን ሆኖ፣ ምላሱም ታስሮ ነበር። ሐኪሙ ንግግሩ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሯት፣ ብቻ አዋሪው አላት። ስለ ጨርቁም፣ ስለ ጎረቤቱም፣ ስለ ልጆቹም ለወራት አወራችለት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዝምታውንስ ትችለው ነበር፤ እንቅልፍ የነሳት፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ እንደሆነስ የሚለው ሐሳብ ነው።

አንድ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቁልፍ እየተከለች ወሬ አለቀባት። ምን ታድርግ፣ የራሱን ትምህርት ጀመረችለት።

«ሂል» አለች። ቁስል ሲድን ሂል ነው፤ የተሰበረ አጥንት ሲገጥም ሂል ነው፤ የተቀያየመ ቤተሰብ ሲታረቅም እንደዚሁ። እስከዚህ ልክ ነበረች። ዘሩ ላይ ስትደርስ ግን ጠፋባት። «ላቲን» የሚለውን ከአፉ ብዙ ጊዜ ስለሰማች፣ ይሄም ከላቲን የመጣ ነው ብላ በድፍረት ደመደመች።

ከአልጋው ጉርምርምታ ተሰማ። ቀና ስትል ግራ እጁ ተነስቷል፤ ተማሪ ሲሳሳት የሚቀስራት ጣቱ ቀጥ ብላለች።

«አይ… ደለም» አለ።

መርፌው ከእጇ ወደቀ። ታዲያ ከምን ነው ብላ ጠየቀችው።

ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «የራሳቸው… የእንግሊዞቹ ነው። ሆል… ሙሉ ከሚለው። ሙሉ… ማድረግ።»

ያን ሁሉ ወር ባዶ ቤት የምታንኳኳ መስሏት ነበር፤ ለካ ባለቤቱ ቃላቱን ከነዘመዶቻቸው ይዞ ውስጥ ኖሯል! የፈጣሪ ሥራ እንዲህ ቅርብ ሆኖባት አያውቅም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

እሱ ግን በድን እጁን ያይ ነበር። «እኔስ… ሙሉ?» አላት።

አዎ ልትለው ቃጣት። ስህተት እንደማያሳልፍ ግን አሁን አይታለች።

«አላውቅም» አለችው እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ነገ ሌላ ግስ አመጣልሃለሁ። እኔ እሳሳታለሁ፣ አንተ ታርመኛለህ።»