ከፍልሰታ በኋላ የተወሰደ ናሙና

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ስለ ጉበት የማውቀው ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ያህል ብቻ ነው፤ ስለ እናት ጭንቀት ግን ያንንም ያህል አላውቅም። ለሌላ እናት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ደፈርሁ።

ፈንታነሽ በደብረ ታቦር ዳርቻ ገብስና ጤፍ እያረሰ ከሚኖረው ባሏ ከይሻው ጋር ትኖራለች። ልጃቸው ማስተዋል ገና ጡት ሳትጥል ጉበቷ ከዳት፤ ሕንድ አገር ተወስዳ ከእናቷ ጉበት ተከፍሎ ተተከለላት። ከዚያ ወዲህ ሰውነቷ ጉበቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋው ጠዋትና ማታ ክኒን ትውጣለች።

ዘንድሮ በፍልሰታ የሰፈሩ ልጆች እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ ውለው ሲቆርቡ፣ ማስተዋልም አብራቸው ቆረበች። እናቷ በማለዳ ወደ አረም ስለምትወርድ «ክኒንሽን ዋጪ» ብላ ትሄድ ነበር። ልጅቱ ግን በውኃ ከዋጥሁት ጾሜ ይፈርሳል ብላ፣ ለማንም ሳትናገር፣ የጠዋቱን እየተወች ከረመች። ነገሩ የታወቀው ጾሙ ተፈቶ ፈንታነሽ ማለቅ የነበረበትን መድኃኒት ተርፎ ስታገኘው ነው። አልተቆጣችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ የተረፈውን ክኒን ቆጠረች። ያ ጉበት ከተበላሸ ከእርሷ ሁለተኛ የሚከፈል የለም።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ሞላ ልጅቱን አስጠርተው፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት እንዳልተከለከለ አስረዷት፤ ቀድመው ባለመናገራቸውም አዘኑ። ከዚያ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስቱም አዲስ አበባ ወረዱ። ሐኪሟ ዶክተር አዲስዓለም የደም ምርመራው ደህና መሆኑን ነገረቻቸው፤ ሆኖም በልጆች ላይ ደሙ ደህና እየመሰለ ጉበቱ ውስጥ ውስጡን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከጉበቱ በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ማየት እንደሚሻል አከለች። ጥቂት የመድማት ስጋት እንዳለውም አልደበቀችም።

«ደሟ ደህና ነው ካሉ ምን ቀረ?» አለ ይሻው። «ደህና ልጅ ይወጋል?»

«አንተ፣ ገብስ ስንሸጥ ነጋዴው ጆንያውን ምን ያደርገዋል?» አለች ፈንታነሽ።

«በዚያ ውስጡ ክፍት በሆነው ሹል ብረት ወግቶ ከሥር ያለውን እህል ያወጣል።»

«ለምን?»

«ላይ ላዩን ጥሩውን አድርገን ከሥር እንክርዳድ እንዳንሸጥበት ነዋ። እሱ ራሱ ሌባ ስለሆነ ሰው አያምንም።»

ዶክተሯ ሳቀች። ፈንታነሽ አልሳቀችም።

«ልጄም ላይዋ ደህና ነው፤ ውስጧን ለቄስ። እኔ ሳላውቅ አላድርም።»

ይሻው የፈቃዱን ወረቀት አቀበላት። ፈንታነሽ ፈረመች።

ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ቤት ሰነበቱ። ፈንታነሽ የቀረበላትን እህል ከፊቷ ገፋ እያደረገች፣ ልጇ ከዘመዶቿ ልጆች ጋር ስትጫወት ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ሲጠሯቸው ዶክተር አዲስዓለም ገና ሳይቀመጡ ጀመረች።

«ጉበቱ አልተጠቃም። ትንሽ ጠባሳ አለው፤ ይህን ያህል ዘመን ለቆየ ጉበት የሚያሳስብ አይደለም። መድኃኒቷ አይቀየርም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግመን እናየዋለን።»

ይሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ፈንታነሽ ግን ቃሉን ሌላ ሰው እንዲሰማላት የፈለገች ይመስል፣ «ለልጅቱም ይንገሯት» አለች። ዶክተሯ ማስተዋልን አስጠግታ እንደገና ነገረቻት።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አውቶብሱ ባሕር ዳርን አልፎ ሐሙሲት ሲደርስ ፈንታነሽ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የቀሰቀሳት የማስተዋል ሳቅ ነው፤ አባቷ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ እያየች ትስቅ ነበር።

ደህና ነው ከተባለ በኋላ፣ ክፉ ቢሆንስ እያሉም ቢሆን፣ እውነቱን ለማወቅ መድፈር ከባድ ነው። ፈንታነሽ ደፍራለች፤ ክብር ይገባታል።